ከቱሉ ዲምቱ እስከ መልካ ቁንጡሬ

ዕቅዱ ጥያ ነበር። አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ጥያ አልደረስንም። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ «ቅዳሜ ጥያ ነኝ» እያልኩ ስለከረምኩ ሰኞ ጠዋት ፎቶ አምጣ ተባልኩ። ስልኬ ውስጥ የነበረው አንድ የተነፈሰ ጎማ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ሳህን ጥብስና ግማሹ የተቆረጠ የሲስተር ጭንቅላት ነው።

አራት ነን፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። ስማቸውን አልጽፍም፣ ቅጽል ስማቸው ይበቃል። ኢንጂነሩ የመኪናው ባለቤትም ሾፌርም ነው። የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ስለሆነ ሌላ ሰው የሠራውን መንገድ አመስግኖ አያውቅም። ሲስተር ነርስ ናት። አባ ካርታ በሥራው የሂሳብ ሠራተኛ፣ በነፍሱ ግን የታሪክ መምህር ነው፤ ስልኩ ላይ ካርታ ሞልቶለት በወረቀት አሳትሞ፣ በቢጫ ቀለም አስምሮበት ይመጣል። አራተኛው እኔ ነኝ። የኔ ድርሻ ዳቦ ቆሎና ውሃ መያዝ ነው።

በዓመት አንዴ፣ በጥቅምት፣ ከከተማ እንወጣለን። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ደርቋል፤ መሬቱ ግን አረንጓዴውን ገና አልጣለም። ኑጉ ቢጫ ነው፣ ጤፉ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ አጨዳው ይመጣና ሁሉም ነገር ገለባና አቧራ ይሆናል። ለምን በጥቅምት እንደምንወጣ ለሚጠይቀን ሰው ግን ስለ ኑግ አናወራም፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለን እንገላገላለን። ደግሞም ውሸት አይደለም፣ ግማሹ ጉዞ የሥጋ ነው።

ቀጠሯችን ጀሞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማቋረጥ በ10 ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። እዚያው ጀሞ የሚኖረው አባ ካርታ ግን 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ፊቱን እያሻሸ መጣ። ሁሌም የሚያረፍደው ቅርብ የሚኖረው ነው።

ከጀሞ ዓለም ገና ድረስ ከከተማ የወጣን አልመሰለኝም። እኛ ተማሪ ሳለን ከአየር ጤና ወዲያ ያለው ሁሉ ለኛ ገጠር ነበር። አሁን ብሎኬት ማምረቻው ከፋብሪካ አጥር፣ የፋብሪካው አጥር ከአርማታ ብረት ሱቅ፣ ሱቁ ካላለቀ ፎቅ ጋር ተያይዞ ይነዳል። «ገጠሩ ሸሸን» አለ ኢንጂነሩ። ከዚያ አንድ የተቦረቦረ አስፋልት ላይ ስንደርስ ወደ ሙያው ተመለሰና ስለ ውሃ ማፍሰሻ ቦይ ንግግር አደረገልን። አልፈዋለሁ።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ቀጥ ያለው ወደ ሰበታና ጅማ፣ በግራ የሚታጠፈው ወደ ቡታጅራ ነው። ወደ ግራ ስንታጠፍ፣ «እናቴ ያደገችው በዚህ ቀጥ ብሎ በሚሄደው በኩል ነው፤ በ11 ዓመቷ ነው ወደ ቄራ የመጣችው» አልኩ።

«ዘመድ አላችሁ እዚያ?» አለች ሲስተር።

«አላውቅም።»

ይህን የመለስኩት እንደ ዋዛ ነው። ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ እኔም ለራሴ አልጠየቅሁም።

የቡታጅራ መንገድ ትንሽ ከተጓዙበት በኋላ ደረቱን ይከፍታል። በስተግራ ራቅ ብሎ የዝቋላ ተራራ ብቻውን ተቀምጧል፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ እግሩን ስለሚሸፍነው በአየር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ከኋላችን ወጨጫ ቀረ። የአህያ ጋሪ፣ የባሕር ዛፍ አጣና የጫነ አይሱዙ፣ የኩበት ክምር፣ ቆርቆሮው ገና የሚያብረቀርቅ አዲስ ቤት። አባ ካርታ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የምናልፋቸውን ቦታዎች ስም እየጠራ ነበር፤ ሲስተር በመሃል ዞር ብላ፣

«አንተ፣ ቱሉ ዲምቱ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«የሰፈር ስም ነዋ።»

«ስድስት ዓመት ኖረህበት የሰፈር ስም ነዋ ትለኛለህ? ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ቱሉ ኮረብታ፣ ዲምቱ ቀይ።»

ሲስተር ተወልዳ ያደገችው ጉለሌ ነው። እንደተመረቀች ምዕራብ ሸዋ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደበችና ሦስት ዓመት ሠራች፤ እናቶች ለክትትል ሲመጡ የት ቦታ እንደሚያማቸው ለመረዳት ስትል ኦሮምኛ ቻለች። እኛ ይህን እናውቃለን፤ ግን እንደ አንድ የተደበቀ ችሎታ፣ ፒያኖ እንደምትጫወት ዓይነት ነገር አድርገን ነበር የምናየው። መኪናው ውስጥ አንድ ጨዋታ ተጀመረ። ገፈርሳስ? ገፈርሳ ጎሽ ነው። ይህን ስትለን ኢንጂነሩ ሳይቀር ፍጥነቱን ቀነሰ። አዲስ አበባ ሲጠጣው የኖረው የገፈርሳ ግድብ ውሃ በጎሽ ስም የሚጠራ መሆኑን ከአራታችን ሦስታችን ያን ዕለት ሰማን። ለገጣፎ? ለገ ወንዝ ነው፤ ለገዳዲም እንዲሁ ወንዝ ነው።

እኔ ነገሩ ስለገባኝ ደስ አለኝና፣ «እንግዲያው ለገሃር የሃር ወንዝ ነው!» አልኩ።

ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ አባ ካርታ ካርታውን አጥፎ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለገሃር ፈረንሳይኛ ነው፤ ላ ጋር፣ ባቡር ጣቢያ። የባቡሩን ሐዲድ ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ሲዘረጉት የመጣ ስም ነው። ቀኑን ሙሉ «የሃር ወንዝ» ተብዬ ዋልኩ። ዛሬም በስልክ እንደዚያ የሚጠሩኝ አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚያልቅ ሸምድጃለሁ፤ ለፈተና ጽፌ ምልክት አግኝቻለሁ። በየቀኑ ታክሲ ላይ የምጠራው ስም ቃል መሆኑን፣ ትርጉም እንዳለው ግን አልጠረጠርኩም። ረዳቱ «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» ሲል ለኔ «አራት ኪሎ» እንደማለት እንኳ አልነበረም፤ አራት ኪሎን ቢያንስ ለምን አራት ተባለ ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ።

የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን ወደ ቀኝ፣ ወደ አዳዲ ማርያም የሚወስደውን ጥርጊያ መንገድ ያዝን። ቪትስ ለዚህ መንገድ የተፈጠረች መኪና አይደለችም። ኢንጂነሩ ድንጋይ ባየ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል፤ እኛም አብረነው እንይዛለን፤ ሆዷ ድንጋይ በነካ ቁጥር ሁላችንም «እህ» እንላለን። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ከአንድ የጤፍ ማሳ ዳር፣ የኋላዋ ቀኝ ጎማ ፍስስ አለ።

ስኮርታ አለን። ክሪክ አለን። አራት የተማሩ ሰዎች ነን፤ አንዱ መሐንዲስ ነው። ክሪኩን ስንደግፍ መሬቱ ይውጠዋል፤ መኪናዋ ከፍ ማለት ሲገባት ክሪኩ ወደ ታች ይሄዳል። ጥቁር አፈር ነው፤ ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ከስሩ የክረምቱን ውሃ ይዟል። ኢንጂነሩ ስለ አፈር የመሸከም አቅም አንድ ነገር ተናገረ። ክሪኩ ግን መስመጡን ቀጠለ።

አንድ ሽማግሌ ከማሳው ውስጥ ብቅ አሉ። ነጭ ጋቢ፣ የላስቲክ ጫማ፣ በእጃቸው በትር። ሲስተር ቀድማ ጎንበስ ብላ፣ «አካም ቡልተን፣ አባ» አለች።

«ነጋ» አሉና ፊታቸው በራ። ከዚያ እርስ በርስ ያወሩት ረጅም ነው፤ ከመሃል «ጎማ» የሚለውን ቃል ብቻ ያዝኩ። ክሪኩን ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። ከቤቴ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንዲት ቃል የሌለኝ እንግዳ ነኝ። የሚያሳፍረው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ሽማግሌው ወደኔ ዞር ብለው ጥርት ባለ አማርኛ፣

«ልጄ፣ ክሪኩ ይሰምጥብሃል። ከስሩ ድንጋይ አስገባ» አሉኝ።

እሳቸው የኔን ያውቃሉ፤ እኔ የሳቸውን አላውቅም። ድንጋዩን ራሳቸው ሄደው መረጡ። አንዱን አነሱና ጣሉት፣ ሌላውን በበትራቸው ገለበጡት፤ ሦስተኛው ጠፍጣፋ፣ የእንጀራ ሌማት ክዳን የሚያህል ነበር፤ በጫማቸው ጠርዝ አፈሩን ጠራርገው አስቀመጡት። ቪትስ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለች። ቡሎኖቹን ኢንጂነሩ እየፈታ ሳለ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን።

«አዳዲ ማርያም፣ ከዚያ መልካ ቁንጡሬ፣ ከዚያ ጥያ» አለ አባ ካርታ፣ ካርታውን እንደማስረጃ እያሳየ።

«መልካው ዛሬ ጥሩ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ውሃው ወርዷል።»

አባ ካርታ ግራ ተጋብቶ፣ «ሙዚየሙን ነው?» አለ።

«መሻገሪያውን ነው የሚሉት» አለች ሲስተር በቀስታ። «መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው።»

ይህን ስትል የተሰማኝን በትክክል መግለጽ ይከብደኛል። መልካ ቁንጡሬን ከልጅነቴ ጀምሮ ከመማሪያ መጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ «መልካ»ን ከመልክ ወይ ከመልካም ጋር ያገናኘሁት ይመስለኛል፤ ውብ ቦታ ይሆናል ብዬ። ለሽማግሌው ግን የዘንድሮ ጥቅምት ቅዳሜ ላይ ውሃው እስከ ጉልበት ይሁን እስከ ወገብ የሚባልለት፣ አህያ የሚያልፍበት ወይም የማያልፍበት ቦታ ነው። ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንል ተቆጡ። ዳቦ ቆሎውን ግን ተቀበሉ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ነው አሉ።

አዳዲ ማርያምን ማግኘት ለማያውቀው ሰው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሽቅብ የሚታይ ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ነው። ከዓለት ተፈልፍሎ፣ ዙሪያው እንደ ቦይ ተቆፍሮ፣ ጣሪያው ከምድሩ ጋር ተስተካክሎ ሣር ለብሷል። ቅዱስ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ሲሄድ አሳነጸው ይባላል። ጫማ አውልቀን በጠባቧ ደረጃ ወረድን። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ጧፍና ዕጣን የጠጣ ጨለማ። ዓይናችን ሲለምድ ግድግዳው ላይ የመሮ ምቶች ታዩኝ፤ አጫጭር፣ ያዘነበሉ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ። ጣቴን አንዱ ላይ አሳረፍኩ፤ ልክ ገባ። ቄሱ አይተው ዝም አሉኝ። አባ ካርታ ስለ ግራኝ ዘመን ሊጀምር ሲል ሲስተር በክርኗ መታችው፤ አንዲት እናት ከምሰሶው ሥር ግንባራቸውን ዓለቱ ላይ አስደግፈው እያለቀሱ ነበር። ወጣን። ስለ አዳዲ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ስኮርታው ላይ ጥያ ድረስ መሄድ እብደት ነው አለ ኢንጂነሩ። አባ ካርታ ለመነ። ጥያ 36 ትክል ድንጋዮች አሏት፣ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል፣ ጎራዴ አለባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ መዝግቧታል፣ ከዚህ ትንሽ መንገድ ነው የቀረን፣ ወዘተ። ኢንጂነሩ መልስ እንኳ አልሰጠውም። ወደ አስፋልቱ ተመልሰን ድልድዩ አጠገብ ካለችው ከተማ ጎሚስታ ፈለግን። ጎሚስታው ጎማውን ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲያዞረው ሁለት ቦታ አረፋ ወጣ። «አንድ ሰዓት ፍጁ» አለን። በዚህ ነው መልካ ቁንጡሬ ለብቻዋ አንድ ሙሉ ከሰዓት ያገኘችው፤ ባይተነፍስ ኖሮ ሃያ ደቂቃ ቆመን ፎቶ ተነስተን እናልፋት ነበር።

ሙዚየሙ የሣር ክዳን ያላቸው ጥቂት ጎጆዎች ናቸው። ትልቅ ነገር ጠብቆ የሚመጣ ሰው ያዝናል። እኔም መጀመሪያ አዝኜ ነበር። አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው፤ ያጠናውን የሚደግም ሳይሆን የሚወደውን የሚናገር ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1963 ጌራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ እዚህ ገደል ላይ የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረና ለአሥርት ዓመታት ቆየበት፤ ከዚያ ጣሊያኖቹ ተረከቡ። አካባቢው እሳተ ገሞራ አመድ ሲረጭበት የኖረ ነው፤ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ እየተኛ ከሥሩ ያለውን ሸፍኖ አቆየው፤ አመዱ ደግሞ ዕድሜው ስለሚለካ በሁለት ንብርብር መካከል የተገኘው ነገር ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይታወቃል። ታችኛው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር ሆኖ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ባልጪት ሲል ጆሮዬ ቆመ። «ባልጩት?» አልኩ።

«እሱው» አለ ልጁ። ቢያንስ አንዷን ያለ አስተርጓሚ አገኘሁ። ሲስተር በምፀት አጨበጨበችልኝ።

አንድ የባልጩት ስብርባሪ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ማየት ይቻላል፣ ኪስ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።» ከላይ ሲያዩት የጠርሙስ ጥቁር ነው፤ ወደ ፀሐይ ስትይዘው ግን ጠርዙ ላይ ሳስቶ ሳስቶ የቡና ቀለም ይሆናል፣ ብርሃን ያሳልፋል። በአንድ ጎኑ የተመታበት ቦታ እንደ ውሃ ሞገድ ክብ ክብ ሠርቷል። ጣቴን በጠርዙ ላይ ልጎትት ስል ልጁ እጄን ያዘኝ፤ ዛሬም ይቆርጣል። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች ይህንኑ ድንጋይ በእንጨት እጀታ ላይ እየተከሉ ቆዳ ሲፍቁበት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ኖረዋል። ፋቂ የሚለውን ቃል ሰፈር ውስጥ ለስድብ ሲውል ነው የሰማሁት። ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ እዚህ ሲጠረብ የኖረ ድንጋይ፣ የመጨረሻዎቹን ባለሙያዎቹን ስማቸውን ስድብ አድርገን ሸኘናቸው።

ሲስተር ግን ከድንጋዩ ይልቅ አንድ ፎቶ ፊት ተተክላ ቀረች። ጋርባ ከሚባለው የቁፋሮ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘ የሕፃን መንጋጋ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ፤ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ገና ከድዱ ያልወጡትን ጥርሶች በልዩ ጨረር አይተው የሆሞ ኢሬክተስ ልጅ መሆኑን ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 አሳወቁ። ሲስተር የምትሠራው ሕፃናት ክፍል ነው። ስለ ዘመኑ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። «የወተት ጥርሱ በሙሉ አለ? ክራንቻው ወጥቷል?» ነበር ያለችው። ልጁ የሚያውቀውን ነገራት። «በምን ሞተ?» አለች ቀጥላ፤ ይህን የሚመልስ አልነበረም። ይሄ ቦታ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያኔም ይበርድ ነበር። «ሳንባ ነው» አለች ለራሷ፣ ካርድ ላይ እንደምትጽፍ።

ጎምቦሬ በሚባለው ሌላው ቦታ ደግሞ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር ዱካ አለ፤ የአዋቂም የልጅም፤ ትንሽ ኩሬ ዳር፣ ጭቃ ላይ። ጉማሬ አርደው የበሉበት ምልክትም አጠገቡ ተገኝቷል። አባ ካርታ ይህን ሲሰማ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» አለ። ለዚች ቀልድ ብቻ ጥያን ይቅር አልኩት።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ብቻዬን፤ ሌሎቹ ማኪያቶ ፍለጋ ሄደው ነበር። አዋሽ ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ባንኩ ነው፤ ሲብስም ወይን ጠጁ። እዚህ ግን ቡናማ፣ ብዙ የማይቸኩል ውሃ ነው፤ ዳሩ ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፤ ብርድ ልብስ በድንጋይ ላይ ሲመቱ ድምፁ ከገደሉ ይመለሳል። አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ሦስት አህያ እየነዳች መጣች፤ ቢጫ ጀሪካን የጫኑ። ሳትቆም፣ ሳታመነታ ገባች። አህዮቹ መንገዱን ያውቁታል፤ ቀጥ ብለው አይደለም የሚሄዱት፣ መጀመሪያ ወደ ላይ ሰያፍ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ታች፤ እኔ የማላየው ከውሃው ሥር ያለ መንገድ አላቸው። የመጨረሻዋ አህያ መሃል ላይ ቆማ ጠጣች። ልጅቷም ቆማ ጠበቀቻት። ውሃው ጉልበቷ ላይ ነው። ሽማግሌው እንዳሉት ወርዷል።

ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሱሪዬን ጠቀለልኩ። አህዮቹ የገቡበትን አይቼ ገባሁ። ይበርዳል። ድንጋዩ አልጌ ለብሶ ያንሸራትታል፤ በእጄ የምይዘው ነገር ስለሌለ አየሩን ያዝኩ። ማዶ ደርሳ የነበረችው ልጅ ዞር ብላ አይታ የሆነ ነገር ጮኸችልኝ። ግራ ነው ቀኝ ነው ያለችኝ? ና ነው ተመለስ ነው? መሃሉ ላይ ቆሜ ፈገግ አልኩላት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። በእጇ ወደ ላይ በኩል ጠቆመችኝ፣ ትከሻዋን ነቀነቀችና አህዮቿን ተከትላ ሄደች። ያኔ ከድልድዩ በኩል የቪትስ ጡሩምባ ተሰማ፤ ጎማው ደርሷል። ተመለስኩ።

ሥጋ ቤቱ የተለመደው ነው፤ ብዙ አልልም። ከሚጥሚጣውና ከአዋዜው ይልቅ የማልረሳው ሲስተር ያወራችውን ነው። እሬቻ በመስከረም መጨረሻ የሚከበረው በውሃ ዳር ስለሆነ የመልካ እሬቻ ይባላል፤ ከበልጉ በፊት ደግሞ ኮረብታ ላይ የሚወጡበት የቱሉ እሬቻ አለ። መልካና ቱሉ። አንዱ የዋልኩበት፣ አንዱ የማድርበት። ኢንጂነሩ ጥብሱን እያኘከ፣ «ስለዚህ የሃር ወንዝ ኮረብታው ላይ ይኖራል» አለ። ሳቅንበት።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስኩ። ታክሲው ላይ ረዳቱ እንደወትሮው ይጮህ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ያንን ድምፅ እንደ ድሮው መስማት የምችል አልመሰለኝም። ከወረድኩ በኋላ ኮረብታ ብፈልግ ብሎኮቹ ብቻ ታዩኝ፤ ጨለማም ነበር። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ጫማዬን በረንዳ ላይ ስገለብጠው ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፤ ቅዳሜ ማታ ትደውላለች።

«የት ጠፍተህ ዋልክ?»

«ከጓደኞቼ ጋር ወጥተን ነበር፣ እማ። መልካ ቁንጡሬ።» ሙዚየሙን፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመቱን ላስረዳት እየተዘጋጀሁ ነበር።

«አዋሽ ላይ ነዋ?»

«አዎ።»

«ታዲያ መልካውን ተሻገራችሁት፣ ወይስ ከዳር ነው የተመለሳችሁት?»

አንድ ጫማ በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ሄሎ?» አለች እናቴ። «ሄሎ? ይሰማል?»